«ኦርዳ» ወይስ «አንድሬይ ሩብልዮቭ»? በሞንጎሎች ዘመን ስለነበረው የሩሲያ እምነት የትኛውን ፊልም እንይ

ጾም በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል። «እስቲ ደህና መንፈሳዊ ፊልም ጠቁሙን» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቆመው የጌታችን ሕማማት ወይም የታወቀ ቅዱስ ገድል ነው። እሱን ደግሞ ሁሉም ሰው ደጋግሞ አይቶታል። ከዚያ ወጣ ብሎ፣ አንዲት ኦርቶዶክሳዊት አገር በሌላ ሕዝብ ቀንበር ሥር ወድቃ እምነቷን እንዴት እንዳቆየች ማየት ለሚፈልግ ሰው የሩሲያ ሲኒማ ብዙ አለው። ችግሩ ምርጫው ነው። ፊልሞቹ በዘመን ይቀራረባሉ እንጂ በሌላ ነገር አይገናኙም። አንዱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንዱ በስታሊን ጊዜ የተሠራ ነው። አንዱ በኮምፒውተር የተሠራ በረዶና ድብ ይበዛበታል። ርዕሱን ብቻ አይቶ የጀመረ ሰው በ20 ደቂቃ ውስጥ ትቶት ሊነሳ ይችላል።

ምርጫዬን አላቆይባችሁም። አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ «ኦርዳ»ን እዩ። ሌላ ምሽት ከተገኘ «አንድሬይ ሩብልዮቭ»ን ጨምሩ። ሁለተኛው በሥራነቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የቀሩት ሦስቱ የየራሳቸው ተመልካች አላቸው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ፊልሞቹን የመዘንኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው። የእምነት ሰው ጸልዮ መልስ ሲያጣ ፊልሙ ምን ያደርጋል? ፈጥኖ ተአምር ያመጣለታል? ሰይፍ ያስጨብጠዋል? ወይስ ባዶ እጁን አቁሞ አብሮት ይቆያል? ይሄ ጥያቄ ለእኔ ከአልባሳቱም ከጦርነቱም ይበልጣል። ያ ዘመን ለሩሲያውያን ረጅም የጸሎት መልስ ጥበቃ ነበርና።

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ ባቱ በ1237 መጨረሻ ሪያዛንን አቃጠለ። በ1238 መጀመሪያ ቭላድሚር ወደቀች፤ በ1240 ኪየቭ። ከዚያ ወዲያ የሩሲያ መሳፍንት ሹመት የሚያገኙት በቮልጋ ወንዝ በታችኛው በኩል ከምትገኘው ከሳራይ ነበር። እዚያ ድረስ ተጉዘው በካኑ ፊት ተንበርክከው «ያርሊክ» የሚባለውን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ። የባቱ ግዛት «ወርቃማው ኦርዳ» ተብሎ ይታወቃል። የሞስኮ ልዑል ዲሚትሪ በ1380 ኩሊኮቮ ላይ ቢያሸንፍም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የኦርዳው ካን ቶክታሚሽ መጥቶ ሞስኮን አቃጠላት። ቀንበሩ ተሰበረ የሚባለው በ1480 ነው፤ ሁለቱ ሠራዊቶች በኡግራ ወንዝ ግራና ቀኝ ተፋጠው ያለ ትልቅ ውጊያ ሲለያዩ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ሞንጎሎቹ ከተማ ሲይዙ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጥሉ ነበር፤ አገሩን ካስገበሩ በኋላ ግን ካህናቱን ከግብር ነፃ አደረጉ። ሜንጉ ቲሙር የተባለው ካን በ1267 የሰጠው ደብዳቤ ይሄንን ያጸናል። በምላሹ የሚፈለገው ካህናቱ ስለ ካኑና ስለ ቤተሰቡ እንዲጸልዩ ነው። ከ1261 ጀምሮ በሳራይ ከተማ ራሷ የኦርቶዶክስ ጳጳስ መንበር ነበር። በሌላ በኩል የቼርኒጎቩ ልዑል ሚካኤል በ1246 በባቱ ሰፈር ለጣዖት አልሰግድም በማለቱ ተገደለ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ብላ ታከብረዋለች። ገዢው አንድ እጁ ይጠብቃል፣ አንድ እጁ ይገድላል። ይሄንን ሁለት መልክ የማያሳይ ፊልም ታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ወደ «ኦርዳ» እንምጣ። ዳይሬክተሩ አንድሬይ ፕሮሽኪን ነው፣ ዓመቱ 2012። ድርሰቱን የጻፈው ዩሪ አራቦቭ ነው። ፊልሙን ያሠራው ከሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘው የ«ኦርቶዶክሳዊ ኢንሳይክሎፒዲያ» የፊልም ክፍል ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለችበት ፊልም ሲባል ሁሉም ነገር ያማረና የጸዳ ይሆናል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለጭካኔው ከሁሉ በላይ መዘጋጀት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጃኒቤክ ወንድሙን ቲኒቤክን ገድሎ ካን ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ እናታቸው ታይዱላ ዓይኗ ይጠፋል። ባለ መድኃኒቱም ጠንቋዩም ተራ በተራ ይሞክራል፤ ምንም የለም። ከዚያ በሞስኮ የሚኖር አሌክሲ የተባለ ሊቀ ጳጳስ ጸሎቱ ይሰማል የሚል ወሬ ካኑ ጆሮ ይደርሳል። መልእክተኛ ይላካል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ከመጣህና ካዳንካት መልካም፣ ካልሆነ ሞስኮ ትቃጠላለች።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ትውፊት ማወቅ ይጠቅማል። በገድሉ መሠረት አሌክሲ በ1357 ወደ ሳራይ ከመነሳቱ በፊት በሞስኮ ካቴድራል ጸሎት ሲያደርስ፣ ከእሱ በፊት በነበረው በሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ መቃብር አጠገብ አንድ ሻማ ራሱ በራሱ ይበራል። ሻማውን ቆራርሶ ለሕዝቡ ያድላል፤ ከተረፈው ሰም ትንሽ ሻማ ሠርቶ ይዞ ይሄዳል። ሳራይ ሲደርስ ሻማዋን አብርቶ ይጸልያል፣ ጠበል ይረጫታል፣ ታይዱላ ታያለች። በገድሉ ላይ አንድም እንቅፋት የለም።

ፊልሙ ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። አሌክሲ ይመጣል፣ ይጸልያል፣ ሥርዓቱን ያደርሳል። ታይዱላ አታይም። ሞት የሚጠብቅ ሰው ሞትም አያገኝም፤ ይዋረዳል፣ ክብሩን ይገፈፋል፣ መጨረሻው ከባሮች ጋር የመታጠቢያ ቤቱን ምድጃ ማንደድ ይሆናል። ያ ምድጃ የፊልሙ ልብ ነው። እሳቱ ሌት ተቀን ይነዳል። የሰዎቹ ፊት በጥላሸት ጠቁሯል፤ ማን ካህን ማን ባሪያ እንደሆነ አይለይም። አሌክሲን የሚጫወተው ማክሲም ሱኻኖቭ እዚያ ቦታ ላይ ብዙ አይናገርም። ትከሻው ይወድቃል፣ ዓይኑ ይፈዛል። ሰውየው እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ ሲያስብ ታዩታላችሁ። ዓይኗ የሚበራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱ በልብሰ ተክህኖ በቆመበት ሰዓት አይደለም፣ «አደረግሁት» በሚልበት መንገድም አይደለም።

ገድሉን የሚያውቁ አንዳንድ ምእመናን ይሄ አያስደስታቸውም። ይገባኛል። እኔ ግን ከፊልሙ ጎን ነኝ። በሽተኛ ይዞ ጠበል የወረደ ሰው ይሄንን ያውቀዋል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ድኖ ይመለሳል። ሌላው ሱባኤ ይጨርሳል፣ ሌላ ሱባኤ ይጀምራል፣ ቤተሰቡ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ሰው «ኃጢአታችሁ በዝቶ ነው» ይላቸዋል። በዚያ መሀል ያለው ጥበቃ ምን እንደሚመስል ያሳየኝ ፊልም ብዙ አላውቅም። «ኦርዳ» ይሄንን አሳይቷል። እምነት ማለት ተአምሩ ብቻ ሳይሆን ምድጃው አጠገብ ያለፈውም ጊዜ መሆኑን ሳያስተምር፣ ሳይሰብክ አሳይቷል።

ታይዱላን የምትጫወተው ሮዛ ኻይሩሊና ናት። በ2012 የሞስኮ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ፊልሙ ሁለት ሽልማት ሲወስድ አንዱ የምርጥ ተዋናይት፣ ሌላው የምርጥ ዳይሬክተር ነበር። ሲገባት ነው። አንዱ ልጇ ሌላውን ልጇን ገድሏል፤ እሷ ደግሞ ከገዳዩ ጋር መኖር አለባት። ይሄ ሁሉ ፊቷ ላይ አለ፤ ከመታወሯ በፊትም ከታወረች በኋላም። ሌላው የወደድኩት ቋንቋው ነው። የኦርዳ ሰዎች ሩሲያኛ አይናገሩም። በኦርዳ ይነገር ለነበረው ለቀድሞው የኪፕቻክ ቋንቋ የሚቀርበውን የካራቻይ-ባልካር ቋንቋ ይናገራሉ። ስለዚህ ሊቀ ጳጳሱ ዙሪያውን የማይገባው ድምፅ ከቦት ነው የምናየው።

ጉድለቱን ደግሞ አልደብቅም። በታሪክ ቲኒቤክ የተገደለው በ1342 ነው፤ አሌክሲ ሳራይ የሄደው በ1357። ፊልሙ 15 ዓመቱን አጣጥፎ አንዱን ከሌላው ጋር ስላያያዘው፣ ዕውርነቱ የወንድም ደም ቅጣት ይመስላል። እንደ ድርሰት ጥሩ ነው፤ እንደ ታሪክ ግን እንደዚያ አልነበረም። ከዚህ የከበደው ሳራይን ያሳየበት መንገድ ነው። የታታር ምሁራን (ታታር ሩሲያውያን የኦርዳን ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው፤ ዛሬም የእነሱ ዘር የሆነው ሕዝብ ይጠራበታል) ፊልሙ የኦርዳን ሕዝብ አውሬ አድርጎ ሣለው ብለው በጣም ነቅፈውታል። ትክክል ናቸው። የጃኒቤክ አባት ኡዝቤክ ካን እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት ካደረገ በዚያን ጊዜ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መንገደኛው ኢብን ባቱታ በ1330ዎቹ ሳራይን አይቶ ከውብ ከተሞች አንዷ መሆኗን ጽፏል። ሞንጎሉ፣ ኪፕቻኩ፣ ሰርካሲያኑ፣ ሩሲያዊው፣ ግሪኩ ሁሉም የየራሱ ሰፈር እንደነበረው ይነግረናል። በፊልሙ ይህችን ከተማ አታገኟትም። አቧራ፣ ጭቃና ጩኸት ነው የሚበዛው። ታይዱላም ብትሆን ከፈውሱ በፊት ጀምራ ለሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የጥበቃ ደብዳቤ ትሰጥ የነበረች ሴት ናት። ይሄንን ይዛችሁ እዩት።

ከፈውሱ በኋላ የሆነውም ፊልሙ ውስጥ የለም፣ ግን ማወቅ ያስደስታል። አሌክሲ ሞስኮ ሲመለስ በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ገዳም ተከለ። ትውፊቱ ቦታው የካኑ መልእክተኞች ፈረሶቻቸውን ያሳድሩበት የነበረ ግቢ ነው፣ የሰጠችውም ታይዱላ ናት ይላል። ገዳሙ የቅዱስ ሚካኤልን ተአምር በሚዘክር ስም ተጠራ። ለዘመናት ቆይቶ ሶቪየቶች በ1929 ማፍረስ ጀመሩ።

«አንድሬይ ሩብልዮቭ» ፍጹም ሌላ ዓይነት ፊልም ነው። አንድሬይ ታርኮቭስኪ በ1966 ጨረሰው። የሶቪየት ባለሥልጣናት ግን ለዓመታት አላሳዩትም። በ1969 በፈረንሳይ በካን ከተማ ፌስቲቫል ከውድድር ውጪ ታይቶ የፊልም ተቺዎችን ሽልማት ወሰደ። በገዛ አገሩ ለሕዝብ የቀረበው በ1971 ነው። እምነትን የሚያጣጥል መንግሥት ባለበት አገር ስለ አንድ መነኩሴ ሠዓሊ ይህን የመሰለ ፊልም መሠራቱ በራሱ ይደንቀኛል።

ሩብልዮቭ ማን ነው? ለእኛ ቅርብ የሆነውን ልንገራችሁ። በዘፍጥረት 18 አብርሃም በመምሬ የአድባር ዛፍ ሥር ሦስት እንግዶችን ይቀበላል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥላሴ ሲሣል ፊታቸው አንድ የሆነ፣ ጢማቸው የነጣ ሦስት አረጋውያን ሆነው ነው። ሩብልዮቭ ደግሞ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሦስት መላእክት አድርጎ ሣለ። አብርሃምም ሣራም ሥዕሉ ላይ የሉም። ሦስቱ ብቻ፣ አንዱ ወደ ሌላው ራሱን ዘንበል አድርጎ። ሥዕሉ ከ1929 ጀምሮ በሞስኮው ትሬቲያኮቭ ሙዚየም ነበር፤ በ2023 ለሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ተሰጥቷል። ሩብልዮቭ ያረፈው ወደ 1430 ገደማ ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ ብላ ያወጀችው በ1988 ነው። ፊልሙን ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን ሥዕል ስልካችሁ ላይ አውጥታችሁ ደህና አድርጋችሁ እዩት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ወደየት እየሄዳችሁ እንደሆነ ይገባችኋል።

ፊልሙ በስምንት ምዕራፍ የተከፈለ ነው፤ መግቢያና መደምደሚያም አለው። ጥቁርና ነጭ ነው። በአንዳንዱ ምዕራፍ ሩብልዮቭ ጥግ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያደክመው። «መቼ ነው ሥዕል የሚሥለው?» ትላላችሁ። ሲሥል አያሳይም። የሚያሳየው አንድ ሰው ያንን የመሰለ ሰላም ያለው ሥዕል ለመሣል ምን ምን ማየት እንደነበረበት ነው።

ሞንጎሎቹ የሚመጡት መሀል ላይ ነው። የቭላድሚርን ከተማ ይወራሉ፤ ብቻቸውን ግን አይደሉም። የሚመራቸው የታላቁ ልዑል ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥልጣን ፈልጎ የገዛ ወገኑን ከተማ ያስወርራል። ታሪካዊው ወረራ በ1410 የደረሰ ሲሆን እዚያም የሩሲያ መስፍን እጅ ነበረበት። የታታሩ መሪ በፈረስ ካቴድራሉ ውስጥ ገብቶ የልደትን ሥዕል እያየ «ይቺ ሴት ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ከሐዲ መስፍን ያስረዳዋል። ውጪ ሰው እየታረደ እነሱ ስለ ሥዕል ያወራሉ። ጥላቻም ቁጣም ድምፃቸው ላይ የለም። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠባቂ ፓትሪኬይ ንዋየ ቅድሳቱን የደበቀበትን አልናገርም ብሎ በሥቃይ ይሞታል። እሱ በዜና መዋዕል ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ነው።

ሩብልዮቭ እዚያ ቀን አንዲት ምስኪን ሴት ሊያድን ሰው ይገድላል። የገደለው ታታር አይደለም፤ ሩሲያዊ ነው። ከዚያ በኋላ በተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጦ በረዶ በጣራው ቀዳዳ ሲወርድ እናያለን። ዳግመኛ አልሥልም ይላል፣ አልናገርምም ይላል። ለዓመታት ዝም ይላል። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን አስታውሱ። ይሄ ፊልም ጸሎቱ ያልተሰማለትን ሰው ተአምር አያመጣለትም፤ ሰይፍም አይሰጠውም። ዝም ብሎ አብሮት ዝም ይላል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ደወል ነው። ወረርሽኝ መንደሩን ጨርሶታል። የልዑሉ ሰዎች ደወል የሚሠራ ባለሙያ ፍለጋ ሲመጡ ቦሪስካ የሚባል አንድ ጎረምሳ ብቻ ያገኛሉ። «አባቴ ሲሞት ምስጢሩን ነግሮኛል» ይላቸዋል። ይወስዱታል። ልጁ ትክክለኛውን ሸክላ አፈር ፍለጋ ይንከራተታል፤ ትላልቆቹ ሠራተኞች ያጉረመርማሉ። ዝናብ እየዘነበ አዳልጦት ቁልቁል ሲንሸራተት የሚፈልገውን አፈር ያገኛል። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ የልዑሉ ብር ይቀልጣል፣ ይፈስሳል። ደወሉ ካልጮኸ ልጁ አንገቱን እንደሚቆረጥ ሁሉም ያውቃል። ልዑሉና የውጭ አገር እንግዶች ቆመው እያዩ የደወሉ ምላስ ወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ገና ግድግዳውን ሳይነካ። ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ይጮኻል።

ልጁ ከሰው ርቆ ጭቃ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። አባቱ ምንም አልነገረውም ነበር። ምስጢሩን ይዞት ሞቷል። ይሄን ሰምቶ ነው ያ ለዓመታት ዝም ያለው መነኩሴ አቅፎ አፉን የሚከፍተው፤ አንተ ደወል ትሠራለህ፣ እኔ ሥዕል እሥላለሁ፣ አብረን እንሄዳለን ይለዋል። ከዚያ ፊልሙ ባለ ቀለም ይሆንና የሩብልዮቭ ሥዕሎች አንድ በአንድ ይመጣሉ። ከየትኛውም መንፈሳዊ ፊልም ይሄን ያህል የነካኝ መጨረሻ የለም።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአረማውያን በዓል በሚታይበት ምዕራፍ ራቁት ሰዎች አሉ። በወረራው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ፈረስ ከደረጃ ላይ ይወድቃል፤ ያ ፈረስ በእውነት የተገደለ ነው። ይሄን ለመከላከል የሚባል ነገር የለም፤ ማየት ለሚከብዳችሁ እንድታልፉት ነው የምነግራችሁ።

«አሌክሳንደር ኔቭስኪ» የሰርጌይ አይዘንስታይን የ1938 ሥራ ነው። ሁለት ሰዓት አይሞላም። ታሪኩ ልዑል አሌክሳንደር በ1242 ቴውቶናውያን የተባሉትን ጀርመናውያን ባላባቶች በበረዶ ሐይቅ ላይ ያሸነፈበት ነው። የበረዶው ጦርነት የተቀረጸው በበጋ ነው ቢባል አታምኑም፤ በረዶው ሰው ሠራሽ ነው። የፕሮኮፊየቭ ሙዚቃ ብቻውን ፊልሙን ያሳያል። ለሲኒማ ትምህርት የሚያየው ሰው ሊያልፈው አይገባም።

እምነት ፍለጋ ከሆነ ግን እዚህ አትምጡ። ፊልሙ የተሠራው ከናዚ ጀርመን ጋር ጦርነት እንደሚመጣ በሚጠበቅበት ጊዜ ነው፤ ጀርመኖቹ ክፉዎች የሆኑት ለዚያ ነው። ስታሊን በነሐሴ 1939 ከሂትለር ጋር ሲስማማ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወረደ። በሰኔ 1941 ጀርመን ስትወር ተመልሶ ወጣ። ሞንጎሎቹ መጀመሪያ ላይ ብቻ ብቅ ይላሉ፤ አሌክሳንደር ዓሣ በሚያጠምድበት ሐይቅ ዳር ያልፋሉ። ያሳዘነኝ ይሄ ነው። የእውነተኛው አሌክሳንደር ከባዱ ውሳኔ ከበረዶው ጦርነት በኋላ ነው የመጣው። ከምዕራቡ ጋር ተዋጋ፣ ለካኑ ግን ተንበረከከ፤ ሕዝቡ እንዳያልቅ። በ1263 ያረፈው ከኦርዳ ሲመለስ መንገድ ላይ ነው፤ በ1547 ቅዱስ ተብሏል። ቅዱስ የተባለ ሰው ለምን አንገቱን ደፋ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ፊልም የሚወጣው ነበር። አይዘንስታይን ጋር ግን የለም። ጸሎትም የለም፣ ጥርጣሬም የለም፤ ሰይፍ ነው።

«የኮሎቭራት አፈ ታሪክ» በ2017 የወጣ የተግባር ፊልም ነው። በ1237 የሪያዛን ጥፋት ላይ ትንሽ ጦር ይዞ ባቱን ስለገጠመው ስለ ኮሎቭራት ነው። ታሪኩ የሚገኘው ከዘመኑ በኋላ በተጻፈ ድርሰት ውስጥ ነው። ፊልሙ በኮምፒውተር ሥራ የተሞላ ነው፣ ድብ ሁሉ አለበት። ጦርነት የሚወዱ ጎረምሶች ቤት ካሏችሁና ስለ ዘመኑ እንዲጠይቁ ከፈለጋችሁ መግቢያ ይሆናል። ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም።

ሞንጎሎቹን ከውስጥ ማየት ለሚፈልግ የሰርጌይ ቦድሮቭ «ሞንጎል» አለ፣ የ2007። ሩሲያ ውስጥ አይደለም የሚሄደው፤ ጄንጊስ ካን ገና ቴሙጂን ሳለ ያለፈበትን መከራ ነው የሚተርከው። ካዛኽስታንን ወክሎ ለኦስካር ታጭቷል። እኔ የምመክረው «ኦርዳ»ን ካያችሁ በኋላ ነው፤ በዚያ ፊልም አውሬ መስለው የታዩ ሰዎች እዚህ እናት፣ ሚስት፣ ቃል ኪዳንና ሰማይ ያላቸው ሰዎች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሚዛኑን ያስተካክላል።

አሁን ከማን ጋር እንደምታዩት እንነጋገር፤ ምርጫው እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። ከልጆች ጋር ከሆነ «ኦርዳ»ንም «ሩብልዮቭ»ንም ተዉት። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለቱንም አላሳይም። «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ይቀላል፤ ግን ባላባቶቹ በፕስኮቭ ሕፃናትን እሳት ውስጥ የሚጥሉበት ቦታ ስላለ አብራችሁ ተቀመጡ። ከወላጆቻችሁ ጋር ከሆነ፣ በተለይ ገድል ማንበብ ከሚወዱ እናት ጋር፣ «ኦርዳ» ይሻላል። ታሪኩ አንድ ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይያዛል፣ ሊቀ ጳጳሱን ወዲያው ይወዱታል። የሚከብደውን ቦታ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ገድሉንም ቀድማችሁ አጫውቷቸው፤ ፊልሙ ከገድሉ ሲለይ እንዳይደነግጡ።

ሥዕል የሚሥል፣ የሚጽፍ፣ ሙዚቃ የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ «ሩብልዮቭ» ለእሱ የተሠራ ነው። በሥራው ተስፋ የቆረጠ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። በአንድ ጊዜ ተቀምጦ መጨረስ ግዴታ አይደለም። እስከ «የመጨረሻው ፍርድ» ምዕራፍ አንድ ምሽት፣ ከወረራው ጀምሮ ሌላ ምሽት አድርጉት። ያም ከከበደ የደወሉን ምዕራፍ ብቻ መጀመሪያ እዩት። ለብቻው እንደ አንድ ሙሉ ፊልም ይቆማል። ይሄን ስል የሚናደዱ የሲኒማ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ሰው ጨርሶ ከሚቀርበት ከመጨረሻው ቢጀምር እመርጣለሁ። በዚያ የገባ ሰው ቀሪውን ራሱ ፈልጎ ያየዋል።

ሁለቱ የሶቪየት ፊልሞች በሞስፊልም ስቱዲዮ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጋር አሉ። ሌላ ቦታ ስታገኙት ግን የ«ሩብልዮቭ»ን ርዝመት አረጋግጡ። የተለያየ ርዝመት ያላቸው ቅጂዎች ስላሉ፣ ወደ ሦስት ሰዓት የሚሆነውን ፈልጉ፤ አጠር ብሎ የተቆረጠው ነገሩን ያጎድለዋል። «ኦርዳ»ን ስትፈልጉ ደግሞ የኦርዳ ሰዎች ንግግር ወደ ሩሲያኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ በድምፅ ያልተተረጎመበትን ምረጡ። በአንድ ቋንቋ ከተሸፈነ የሊቀ ጳጳሱ ብቸኝነት ግማሹ ይጠፋል።

ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ማሳየት ለምታስቡ፣ በአንድ ቀን ሁለት ፊልም አታድርጉ። «ኦርዳ» ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ከእሱ በኋላ ለውይይት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉ። ጥያቄ ይበዛል፤ በተለይ «ለምን በመጀመሪያው ጸሎት አልዳነችም?» የሚለው የማይቀር ነው። መምህር ወይም ቄስ ቀድሞ ፊልሙን ያየ ይሁን።